እግር የማይደርስበት መሬት
በሐይቅና በአርዲቦ ለውሃ ወፎች ስለሚሠራ ሰው ሠራሽ ደሴት

(በሐይቅ ከተማ ለመምህራን፣ ለዓሣ አጥማጆች፣ ለገበሬዎችና ለተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ መምህራን፣ ከታንኳ ወርዳችሁ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ ዓሣ አጥማጆች፣ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሥራ ቀን ነው፤ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አክብሮቴ ትልቅ ነው።

የዛሬ ወሬያችን ስለ ውሃ ወፎች ጎጆ ነው። ዳክዬዋ፣ ይብራው፣ ብቅ ብላ ጥልቅ የምትለው ትንሿ ወፍ የት እንቁላል ይጥላሉ? ቦታ ሲያጡስ ሰው ደሴት ሠርቶ ሊሰጣቸው ይችላል? በሌላ አገር ተሠርቷል። እዚህ ወሎ ውስጥ፣ በዚህ በሐይቃችንና በጎረቤቱ በአርዲቦ ሐይቅ፣ ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄው። እኔ ያዋጣል እላለሁ፤ ግን በልኩና በቦታው።

ዳክዬን ሁሌ ውሃ ላይ ስለምናያት ኑሮዋ በሙሉ እዚያ ይመስለናል። ትበላለች፣ ትዋኛለች፣ ታንቀላፋለች፤ ሁሉም ውሃ ላይ ነው። እንቁላሏን ግን የምትጥለው ባብዛኛው መሬት ላይ፣ ሣር ወይም ቄጠማ ውስጥ ተሸጉጣ ነው። ቢጫ ምንቃር ያላት የኛዋ ዳክዬ 27 ቀን ገደማ ትታቀፋለች። የግብፅ ዝይ የሚባለው፣ ዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለበት ትልቁ ወፍ፣ ከ28 እስከ 30 ቀን ይፈጅበታል።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ወር ሙሉ መሬት ላይ ቁጭ። በሐይቅ ዳር በአንድ ወር ውስጥ ስንት እግር ያልፋል? ከብት ሊጠጣ ይወርዳል። ውሻ ያነፈንፋል። ማታ ቀበሮና ሸለምጥማጥ ይመጣሉ። አርጃኖ ካለ እሱም እንቁላል ነፍሱ ነው። ከላይ ደግሞ ቁራ አለ። ልጆችም እንቁላል ሲያገኙ ያነሳሉ፤ ክፋት የለበትም፣ ልጅ ነውና ያገኘውን ያነሳል።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ነገሩ ይቀየራል። እንደ ርግብ ጫጩት ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው አይቀለቡም። ላባቸው እንደደረቀ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ እናታቸውን ተከትለው ውሃ ይገባሉ። ከዚያ በኋላም የሚበላቸው አይጠፋም፤ ቢሆንም መሸሽ ይችላሉ። እንቁላል ግን የትም አይሸሽም። ስለዚህ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ለዚያች አንድ ወር እግር የማይደርስበት መሬት ይኑራቸው።

ይህን ሐሳብ ወፎቹ ራሳቸው ያውቁታል። ብቅ ጥልቅ የምትለዋን ትንሽ ወፍ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ሰውነቷ ከጭብጥ ብዙም አይበልጥም፤ ጭራ ያላት አይመስልም። ስትጠልቅ ድምፅ የላትም፤ ስትወጣ ሌላ ቦታ ነው። ይቺ ወፍ መሬትን ጨርሳ ትታዋለች። የበሰበሰ ቅጠልና የውሃ ሣር በምንቃሯ እየጎተተች ትከምራለች። ክምሩን ከቆመ ቄጠማ ወይም ከፊላ ጋር ታያይዘዋለች፤ ነፋስ እንዳይወስደው። ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ከላይ። ውሃው ሲሞላ ጎጆው አብሮ ከፍ ይላል። እንቁላሎቹ ሲወለዱ ነጭ ናቸው፤ ከቀናት በኋላ እርጥቡ ቅጠል ቀለም ስለሚሰጣቸው ቡናማ ይሆናሉ። ሰው ወይም ጭልፊት ሲጠጋ ከመሸሿ በፊት በፍጥነት፣ አንዳንዴ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ፣ እርጥብ ሣር እየሳበች እንቁላሎቹን ትሸፍናለች። ስታዩት የተጣለ ገለባ ነው የሚመስለው። አጠገቡ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ።

ጥቁሩ የውሃ ወፍ፣ ግንባሩ ነጭ የሆነውና ከግንባሩ በላይ ሁለት ቀይ ጉብታ ያለውም እንዲሁ ነው። የሱ ጎጆ ትልቅ ነው፤ ከሸምበቆና ከቄጠማ ይቆልለዋል፣ ብዙ ጊዜም ተንሳፋፊ ነው። እንግዲህ ሰው ሠራሽ ደሴት አዲስ ፈጠራ አይደለም። እኛ የምንቀዳው ከነሱ ነው።

ለነዚህ ወፎች ግን አንድ ነገር የግድ ነው። የሚታሰሩበት ቄጠማ፣ ፊላ ወይም ደንገል በውሃው ዳር መቆም አለበት። እዚህ ላይ ነው ችግራችን።

የኛን አገር ውሃዎች እንያቸው። ሐይቅ አለን፣ ከፍ ብሎ አርዲቦ አለ፣ በአልቡኮ በኩል ማይባር አለ። ወደ ታች ስንወርድ ቦርከና ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። የጨፋ ረግረግ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም፣ የአማራውም ከብት የሚተርፍበት ሣር ነው። እነዚህ ሁሉ ዳራቸው እየተመናመነ ነው። እርሻው ወደ ውሃው ይጠጋል። ሞተር ፓምፑ ዳር ላይ ይተከላል። ቄጠማው ለበዓልና ለቡና ይታጨዳል፣ ለጣሪያ ይታጨዳል፣ በበጋ ይቃጠላል፣ ከብት ይረግጠዋል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ መሬት የጠበበበት ገበሬ ምን ያድርግ? በዓለም ደረጃም ያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከዓለም የተፈጥሮ ረግረጋማ ቦታ 35 በመቶ ያህሉ መጥፋቱን ጥናቶች አሳይተዋል።

አደን የኛ ዋና ችግር አይደለም። በብዙ ሌላ አገር የዳክዬ አንዱ ጠላት ጠመንጃ ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሰው የውሃ ወፍ አይበላም፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ወፎቹ ሰው ሳይፈሩ አጠገባችን የሚውሉትም ለዚህ ነው። ችግሩ የጎጆ ቦታ ነው፤ የጎጆ ቦታ ደግሞ ልንሠራው የምንችለው ነገር ነው።

ስለ ደሴት ሳወራ ሐይቅ እስጢፋኖስን ሳልጠቅስ አላልፍም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን ሲያቀኑ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ሲማሩ፣ ቦታው ዙሪያውን ውሃ የከበበው ደሴት ነበር። ዛሬ በእግር ይገባበታል። ውሃው ሸሽቶ አንድ ወገኑ ከመሬት ጋር ተያያዘ። ገዳሙ በር አለው፣ አጥር አለው፣ የሚጠብቁት አባቶች አሉት። የወፍ ደሴት ግን አጥሩ ውሃው ብቻ ነው። ውሃው ክንድ ካነሰ ቀበሮ ይሻገራል። በዚያ ሌሊት ደሴቱ ያበቃለታል። ስለዚህ ድንጋይና አፈር ከምረን ቋሚ ደሴት እንሥራ ለሚል ሰው የመጀመሪያ መልሴ የገዳሙ ታሪክ ነው። የኛ ሐይቆች ከፍና ዝቅ ይላሉ። አፈሩ ግን አብሮ ከፍና ዝቅ አይልም።

ይህ ደቡብ አፍሪካ ላይ በግልጽ ታይቷል። ኪምበርሊ ከተማ አጠገብ ካምፈርስ የሚባል ውሃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያ ለትንሹ ፍላሚንጎ የኤስ ቅርጽ ያለው ደሴት ተሠራ። ይህ ወፍ በአፍሪካ ውስጥ ጫጩት የሚፈለፍልባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰዉ ተጠራጥሮ ነበር። ወፎቹ ግን መጡ፤ በመጀመሪያው የመራቢያ ወቅት፣ በ2007 መጨረሻና በ2008 መጀመሪያ፣ ወደ 9,000 ጫጩት ተፈለፈለ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ውሃው ሞላና ደሴቱን ዋጠው። በጥር 2019 ደግሞ ተገላቢጦሽ ሆነ። ውሃው ሸሸ፣ ወላጆቹ ጥለው ሄዱ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጫጩቶች በሰው እጅ ተለቅመው በየቦታው ማደግ ነበረባቸው። ደሴቱ የወፎቹን ፍላጎት አሟልቶ ነበር። ያላሟላው የውሃውን ጠባይ ነው።

እንግሊዝ አገር ሚንስሚር የሚባል ቦታ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠላት ከባሕር እንዳይገባ የባሕር ዳሩን የግጦሽ መሬት ሆን ብለው በውሃ አጥለቀለቁት። ጦርነቱ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ አቮሴት የሚባለው ምንቃሩ ወደ ላይ የተቆለመመ ወፍ መጥቶ ጎጆ ሠራ። በዚያ አገር መራባት ካቆመ 100 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ለወፍ ብሎ የሠራ ሰው አልነበረም፤ ጥልቀት የሌለው ውሃና በመሃሉ ብቅ ብቅ ያለ መሬት ብቻ በቃው። ከ1962 ጀምሮ ያንኑ ሆን ብለው መሥራት ጀመሩ። መሬቱን ጠረጉ፣ ውሃ ለቀቁበት፣ ትንንሽ ደሴቶች ተዉበት። ዛሬ ዝነኛ ቦታ ነው። እዚያ ግን የውሃውን ከፍታ በበር ይቆጣጠራሉ፤ ሲፈልጉ ይከፍታሉ፣ ሲፈልጉ ይዘጋሉ። ሐይቅን ማን ይከፍተዋል? ማን ይዘጋዋል?

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ስለ ዳክዬ ብዙ ተጠንቷል። አንድ ቁጥር ሁሌ ይገርመኛል። እዚያ ላለችው አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ከ100 ጎጆ 15ቱ ብቻ ቢፈለፈሉ ዘሯ ሳይቀንስ ይቆያል ተብሎ ተሰልቷል። 85ቱ ቢጠፉም! ያም ሆኖ በብዙ እርሻማ ቦታ ያቺ 15 እንኳ አትሞላም ነበር። ቀበሮው ሁሉን ይለቅማል። በኩሬዎች መሃል ደሴት የሠሩት ለዚህ ነው። ጥቂት ተጨማሪ ጎጆ ማትረፍ ትልቅ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው። ለኛም ተስፋ የሚሰጠኝ ይህ ነው።

ለኛ የሚጠቅመን የስኮትላንዱ ነው። እዚያ ጉሮሮው ጥቁር የሆነ ትልቅ ጠላቂ ወፍ አለ። በትልልቅ ሐይቆች ላይ ይኖራል፤ ጎጆው ውሃው ጫፍ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ወይም የኃይል ማመንጫ ግድብ ሲሞላ እንቁላሉ ይሰምጣል። ተንሳፋፊ መድረክ ሠርተው፣ ሣር አልብሰው፣ በመልህቅ አስረው ለቀቁለት። መድረክ ላይ የጣሉት ወፎች ጫጩት የማድረስ ዕድላቸው በተፈጥሮ ዳር ላይ ከጣሉት 2.7 እጥፍ በለጠ። ውሃው ሲሞላ መድረኩም ከፍ አለ፣ ሲጎድል ዝቅ አለ።

ትንሿ ወፋችን ሠርታ ያሳየችን ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚያስፈልገው ሁሉ ከገበያችን ይገኛል። ወርዱም ርዝመቱም 2 ሜትር የሆነ መድረክ እናስብ። ለቋሚው ፍሬም የደረቀ የባሕር ዛፍ አጣና ወይም ቀርከሃ። እርጥብ አጣና ከባድ ነው፣ ውሃ ውስጥ ይጎትታችኋል፤ ቀርከሃ ከተገኘ ይመረጣል። ለማንሳፈፊያ 6 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳናቸው በደንብ የታሸገ። አራቱን በአራቱ ማዕዘን፣ ሁለቱን መሃል ላይ። ከመድረኩ ሥር ይሁኑ፤ ፀሐይ ካገኛቸው ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ከላይ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ይረበረባል።

አንድ ስህተት እንዳትሠሩ። መድረኩን አፈር አልብሰን እናሳምረው ትላላችሁ። እናስላው። 6 ጀሪካን ቢበዛ 120 ኪሎ ይሸከማል፤ ከዚያ ላይ የእንጨቱ ክብደት ይነሳል። በ4 ካሬ ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ብትደለድሉ 400 ሊትር አፈር ነው፤ ክብደቱ ከ500 ኪሎ ያልፋል። በዚያው ቀን ይሰምጣል። አፈር አያስፈልገውም። የደረቀ ቄጠማና ሣር በወፍራሙ አንጥፉ፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጉት። ከዳር ዳር ሥር ያለው ቄጠማ ብታስሩበት ሥሩ ውሃ ያገኛል፣ ራሱ ያድጋል። የግብፅ ዝይ ራሱ ክብደቱ 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ ችግር የለም።

ከሁለት ወገን መወጣጫ አድርጉለት፣ ወደ ውሃው ዘቅዘቅ ያለ። ይህ ከተረሳ ጫጩቱ ይወርዳል፣ ተመልሶ መውጣት ግን ያቅተዋል። ሌሊት ብርድ ላይ ይቀራል። ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት መድረኩ ላይ እንዳይቆም፤ ጭልፊት ይቀመጥበታል። በምትኩ ቀርከሃ አጉብጣችሁ፣ ሣር ጣል አድርጋችሁበት፣ ዝቅ ያለ ጥላ ሥሩ። ከላይ ለሚያይ ዓይን ይጋርዳል።

መልህቁ ድንጋይ የተሞላ ማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ በሁለት ተቃራኒ ማዕዘን፣ በናይለን ገመድ። ገመዱ የክረምቱን ሙላት ታስቦ ረዘም ይበል። ካጠረ ውሃው ሲሞላ መድረኩን ወደ ታች ይይዘዋል። በጣም ከረዘመ ነፋስ ገፍቶ ዳር ያደርሰዋል፤ ዳር የደረሰ መድረክ ለቀበሮ ጠረጴዛ ነው። ቦታውን እናንተ ዓሣ አጥማጆች ምረጡ። ሐይቃችን መሃሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ እዚያ የሚሆን ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ የማይደርስበትን፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ብዙም የማይበልጠውን ሰርጥ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ከመረብ የራቀ ይሁን። ጠላቂ ወፍ መረብ ውስጥ ከገባ ታፍኖ ይሞታል፤ መረቡም ይበላሻል።

ጊዜው መቼ ነው? ብዙዎቹ የሚራቡት ከክረምቱ ጋርና ከክረምቱ በኋላ ስለሆነ ግንቦት ሳያልቅ ውሃ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ወፎቹ ይለምዱታል። ከዚያ በኋላ አትቅረቡት። በታንኳ ሄዶ ማየት ያጓጓል፤ አንድ ጊዜ ስታስደነግጧት እናቲቱ ትነሳለች፣ ቁራው ይህንን ነው የሚጠብቀው። ከዳር ሆናችሁ እዩ። በጥር ወይም በየካቲት አውጥታችሁ ገመዱን ለውጡ፣ ሣሩን አድሱ። በየዓመቱ። የማይታደስ መድረክ በሁለት ዓመት ውስጥ ተንሳፋፊ ቆሻሻ ይሆናል፤ ያንን ለሐይቁ ከምንጨምርበት ባንጀምረው ይሻላል።

ሌላም ነገር በግልጽ ልናገር። ከ20 መድረክ 200 ሜትር የቆመ ቄጠማ ይበልጣል። ቄጠማው ለጎጆ ብቻ አይደለም፤ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት የሚደበቅበት ነው፣ ከእርሻ የሚወርደውን ደለል ያጣራል። ስለዚህ ቄጠማ ባለበት መድረክ አንሥራ፤ ቄጠማውን እንተወው። መድረኩ ዳሩ ተራቁቶ ላለቀበት ሰርጥ ነው፣ ቄጠማው እስኪመለስ ድረስ። በአጨዳም ቢሆን ከሐምሌ እስከ ኅዳር ውሃ ውስጥ የቆመውን ትታችሁ የደረቀውን ዳር ብታጭዱ ለበዓሉም ይበቃል፣ ለወፉም ይተርፋል።

ለሁሉም ወፍም አይሆንም። ከደሴ በላይ ያለው ደጋ ላይ ክንፏ ሰማያዊ የሆነ ዝይ አለች፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም ዓለም የለችም። እሷ የምትፈልገው በምንጭና በጅረት ዳር ያለ ክፍት ሣር ነው። ለእሷ የሚጠቅመው ሣሩን ከማረሻ ማትረፍ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ተነስተው ነበር፤ እነሱንም ልጻፋቸው።

አንድ ዓሣ አጥማጅ አባት «ልጄ፣ ወፉ ሲበዛ ዓሣችንን አይጨርስብንም?» አሉኝ። አባባ፣ ዳክዬና ዝይ ዓሣ አሳዳጅ አይደሉም። ዳክዬ ዘር፣ የውሃ ሣርና ትል ነው የምትለቅመው፤ ዝይ ሣር ይግጣል። ትንሿ ጠላቂ ትንንሽ ዓሣ ትይዛለች፣ አብዛኛው ምግቧ ግን ነፍሳት ነው። የግብፅ ዝይ ቡቃያ እንደሚበላ ግን አልደብቅም። እርሻ ካለበት ዳር አጠገብ መድረክ እንዳይቆም የምለው ለዚህ ነው።

አንዲት እናት ስለ ዶሮ በሽታ ጠየቁ። ትክክለኛ ስጋት ነው። የወፍ ጉንፋን በዱር ዳክዬዎችም ይዛመታል። ዶሮዎች የሚጠጡበት ዳር አጠገብ መድረክ አናስቀምጥ። አንድ ቦታ ላይም አናብዛ፤ የተጨናነቀ ወፍ በሽታ ይቀባበላል። የሞተ ወፍ ስታገኙ በባዶ እጅ አትንኩ፣ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ተማሪ «ሠርተን ባይመጡስ?» አለ። ፈረንሳይ ደቡብ ውስጥ ካማርግ በሚባለው ረግረግ ለፍላሚንጎ ደሴት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ወፎቹ ዝም አሉት። በ1974 ሰዎቹ የጭቃ ጎጆ እያስመሰሉ ደሴቱ ላይ ደረደሩ፤ በዚያው ዓመት ፍላሚንጎዎቹ ሰፈሩበት። ስለዚህ በመጀመሪያው ክረምት ካልመጡ ተስፋ አንቆርጥም። በሁለተኛው ጎድጎዱን አሮጌ ጎጆ እናስመስለዋለን፣ ሣሩን እናበዛለን። ሦስተኛውም ክረምት ባዶውን ካለፈ መልህቁን ነቅለን ወደ ሌላ ሰርጥ እንወስደዋለን።